ተማሪው ብቻውን ሲቀመጥ

ስለ ጠባይና ስለ ኢንተርኔት ትምህርት፤ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር



 በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ትምህርት ቤቱ ያለፈ ታሪክ መናገር የተለመደ ነው። ያን ግን ከእኛ ይልቅ የሚያውቁት ታላላቆቻችን ስላሉ ለእነርሱ ትተን፥ እኛ ወደ ፊት ስለሚጠብቀን ነገር ለመናገር መርጠናል። ጉዳያችንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በኢንተርኔት በሚማርበት ጊዜ ጠባዩ ምን ያህል ይረዳዋል፥ ምን ያህልስ ያሰናክለዋል የሚለው ነው።

ይህን ጉዳይ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎች ፈተናውን አልፈው ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ተስፋ ያደርጋሉ። በዚያም የሚጠብቀን ትምህርት በሰሌዳና በጠመኔ ብቻ የሚሰጥ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና በኮምፒዩተር የሚሰጥ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ ሳይሆን ደጃችን ላይ የቆመ እንግዳ ነው። እንግዳውን ለመቀበል ደግሞ አስቀድሞ ቤትን መመልከት ይገባል፤ ቤቱም የገዛ ጠባያችን ነው።

ከመምህር ርቆ መማር ዛሬ የተፈጠረ ነገር አይደለም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ በሌላ ስፍራ ሆነው የሚማሩ ሰዎች ፈተናውን ተፈትነው ዲግሪ እንዲያገኙ መፍቀድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። በዚያው በእንግሊዝ አገር ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የተባለው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ተቀብሎ፥ በፖስታ፥ በራዲዮና በቴሌቪዥን ያስተምር ጀመር። በእኛም አገር የቆሎ ተማሪ ከወላጆቹ ተለይቶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ቀን የተቀበለውን ትምህርት ሌሊት ለብቻው ሲያስብና ሲደጋግም ያድር እንደ ነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንግዲህ መሣሪያው ተለወጠ እንጂ ዋናው ነገር አልተለወጠም። መምህሩ ዓይኑን ከተማሪው ላይ ሲያነሣ የሚቀረው ተማሪውና ጠባዩ ብቻ ነው።

ይህን ነገር ዓለም ሁሉ በአንድ ጊዜ የተማረው በኮሮና ወረርሽኝ ዘመን ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በአገራችን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤታቸው ተሸኙ። በዓለም ላይ ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ከክፍላቸው ውጭ ቀሩ። በብዙ አገር መምህራን ጽሑፉንና ንግግሩን በኢንተርኔት መላክ ጀመሩ። አንድ ዓይነት ትምህርት፥ ከአንድ መምህር፥ በአንድ ቀን ለሁሉም ተላከ። ነገር ግን አንዱ ተማሪ በትምህርቱ ሲገፋ ሌላው በመንገድ ቀረ። ልዩነቱ ከየት መጣ? እኛም እንመርምረው ያልነው ይህንኑ ነው።

አስቀድመን አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ኤም አይ ቲ የተባለው የታወቀ የቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ የሚያስተምረውን አንድ ትምህርት ለዓለም ሕዝብ ሁሉ በነፃ በኢንተርኔት ከፈተ። ወደ 155,000 የሚጠጉ ሰዎች ተመዘገቡ። እስከ መጨረሻው ደርሰው የምስክር ወረቀት ያገኙት ግን ከ7,000 ጥቂት የሚበልጡ ናቸው። እርግጥ ነው፥ ከተመዘገቡት ብዙዎቹ ምን እንደ ሆነ ለማየት ብቻ የገቡ ስለ ነበሩ ሁሉንም እንደ ወደቁ መቁጠር አይገባም። ቢሆንም ቁጥሩ የሚነግረን ነገር አለ። በሩ ወለል ብሎ ሲከፈት የሚገባው ብዙ ነው፤ የሚያስቸግረው ከገቡ በኋላ መቀመጥ ነው።

አሁን ወደ ጠባይ እንመለስ። የሰውን ጠባይ የሚያጠኑ ሊቃውንት ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በ1936 ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የእንግሊዝኛን መዝገበ ቃላት አገላብጠው ሰውን ከሰው የሚለዩ ወደ 18,000 የሚጠጉ ቃላት ሰበሰቡ። ከእነርሱ በኋላ የተነሡት ተመራማሪዎች ደግሞ ይህን ሁሉ ቃል እየጨመቁ በአምስት ታላላቅ ክፍሎች አደረጉት። እነርሱም ትጋትና ጥንቃቄ፥ አዲስ ነገር የማወቅ ጉጉት፥ ከሰው ጋር መጫወትን መውደድ፥ ለሌላው ማሰብ፥ አምስተኛውም ቶሎ መጨነቅና መስጋት ናቸው። ማንኛውም ሰው ከአምስቱም ድርሻ አለው፤ የሚለያየው በመጠኑ ነው።

ከአምስቱ ለትምህርት የሚበልጠው የትኛው ነው? ሰው ሁሉ ቶሎ የሚመልሰው «ጉጉት ነው» ብሎ ይመስለናል። ነገር ግን አርተር ፖሮፓት የተባለ በአውስትራሊያ ያስተምር የነበረ ተመራማሪ በብዙ አገር የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጽሑፍ፥ ከትምህርት ውጤት ጋር ይበልጥ የተያያዘው ትጋት ሆኖ ተገኝቷል። ይህም የአእምሮ ብልህነት ከሚሰጠው ጥቅም የተለየ ነው። በአጭሩ፥ ብልህ ያልሆነ ትጉ ይማራል፤ ትጉ ያልሆነ ብልህ ግን ብልህነቱን ይዞ ይቀራል።

ይህ በማንኛውም ትምህርት እውነት ከሆነ፥ በኢንተርኔት ትምህርት ላይ ይልቁን ይብሳል። ምክንያቱም በክፍል ውስጥ ትጋት ለሌለው ተማሪ ትጋት የሚያበድሩት ብዙዎች ናቸው። ደወሉ ያበድረዋል፤ ስም የሚጠራው መምህር ያበድረዋል፤ አጠገቡ ተቀምጦ የሚጽፈው ጓደኛው ያበድረዋል። ቤቱ ተቀምጦ በስልክ ሲማር ግን አበዳሪው ሁሉ ይጠፋል። ያን ጊዜ የሚታየው የራሱ ገንዘብ ብቻ ነው።

ከእኛ በፊት ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ለዕረፍት ሲመጡ ስለዚህ ነገር ጠይቀናቸው ነበር። የነገሩንም ብዙ ነው። ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት «ነገ አየዋለሁ» የሚባለውን በሽታ ነው። የመምህሩ ንግግር ተቀርጾ ስለ ተቀመጠ የሚያመልጥ አይመስልም። ተማሪው ዛሬ ያልሰማውን ነገ፥ ነገ ያልሰማውን ለሰንበት ያሸጋግራል። ሦስት ሳምንት ሲያልፍ አሥራ ሁለት ንግግርና አራት አሳይመንት ተደራርበው ይጠብቁታል። ያን ጊዜ መክፈቱ ራሱ ያስፈራዋል፤ ስለሚያስፈራውም አይከፍተውም። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ከሰው ጋር መጫወትን የሚወድ ተማሪ ሌላ ችግር ይገጥመዋል። በክፍል ውስጥ እጁን ቀድሞ የሚያወጣው፥ መምህሩን የሚከራከረው፥ በዕረፍት ጊዜም ለጓደኞቹ የሚያስረዳው እርሱ ነው። የሚማረውም በመናገር ነው። ይህ ልጅ ብቻውን ከስልክ ፊት ሲቀመጥ፥ የሚሰማው ሰው ስለ ሌለ ትምህርቱ ይደርቅበታል። ብዙ ጊዜም ስልኩን የያዘው ለትምህርት ሆኖ ሳለ ሳያስበው ወደ ጨዋታው ይሻገራል። ትምህርቱም ጨዋታውም በአንድ መስኮት የሚገቡ ስለ ሆኑ መስኮቱን መዝጋት አይችልም።

ዓይን አፋሩ ተማሪ ግን በዚህ ነገር የሚጠቀምበት ጊዜ አለ። በክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋ ያልተሰማ ልጅ፥ ጥያቄውን በጽሑፍ ስጪ ስትባል አስባና አርማ የምትጽፈው ጥያቄ ጓደኞቿን የሚያስደንቅ ሊሆን ይችላል። ፊቷን የሚመለከታት፥ ስትሳሳት የሚስቅባት ስለ ሌለ ልቧ ይከፈታል። ንግግሩንም እያቆመችና እየመለሰች ያልገባትን ሁለት ሦስት ጊዜ መስማት ትችላለች፤ በክፍል ውስጥ ግን መምህሩን «እባክዎ እንደገና ይበሉልን» ለማለት የሚደፍር ስንት ነው? እንግዲህ «ጎበዝ» ወይም «ሰነፍ» ብለን የሰጠናቸው ስሞች ሁሉ በክፍል ውስጥ ላለው ትምህርት የተሰጡ እንጂ ለሁሉ ስፍራ የሚሆኑ አለመሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

ዓይን አፋርነት ግን ሌላም ፊት አለው። ካሜራውን ዘግቶ፥ ድምፁንም አጥፍቶ የተቀመጠ ተማሪ ሳይገባው እንደ ገባው ሆኖ መቆየት ይቀለዋል። በክፍል ውስጥ ግራ መጋባት በፊት ላይ ስለሚነበብ ጥሩ መምህር አይቶ ይመለሳል። በኢንተርኔት ግን ያልተጠየቀ ጥያቄ እንዳልነበረ ይቆጠራል። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ተረት ከሁሉ ይልቅ ለኢንተርኔት ተማሪ የተነገረ ይመስላል።

ቶሎ የሚጨነቀውም ተማሪ እንዲሁ ነው። ሰዓት እየቆጠረ የሚሄደው የኮምፒዩተር ፈተና፥ መልሱን ልኮ «ደረሰ ወይስ አልደረሰም» ብሎ መጠበቅ፥ በመካከልም የኔትወርክ መቋረጥ ለእርሱ ከትምህርቱ የከበደ ሸክም ነው። ነገር ግን ጥቂት ስጋት ተማሪን እንደሚያነቃ መዘንጋት የለበትም። ፈጽሞ የማይሰጋ ተማሪ የመላኪያው ቀን ካለፈ በኋላ የሚነቃ ነው።

እስካሁን የተናገርነውን በቁጥር የሚደግፍ ጥናት አለ። በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት በሚገኙ የሁለት ዓመት ኮሌጆች ከ40,000 የሚበልጡ ተማሪዎች የወሰዷቸው ወደ 500,000 የሚጠጉ ትምህርቶች ውጤት ተመርምሮ ነበር። ሁሉም ዓይነት ተማሪዎች በኢንተርኔት ሲማሩ ውጤታቸው ክፍል ውስጥ ሲማሩ ካገኙት ዝቅ ብሎ ተገኘ። ነገር ግን ዝቅታው እኩል አልነበረም። ከሴቶች ይልቅ በወንዶች፥ በዕድሜ ከገፉት ይልቅ በወጣቶች፥ አስቀድሞ ጥሩ ውጤት ከነበራቸው ይልቅ ደካማ ውጤት በነበራቸው፥ ደግሞም በጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ላይ በረታ። ስለዚህ የኢንተርኔት ትምህርት ሁሉን እኩል ያደርጋል የሚሉ ሰዎች ቆም ብለው ማሰብ አለባቸው። ጠንካራውን ብዙ ሳይጎዳ ደካማውን ይበልጥ የሚያደክምበት ጊዜ አለና።

ክቡራን ሆይ፤

እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ለመናገር ፈቃዳችሁ ይሁን። ከላይ ያነሣነውን የአሜሪካውን ጥናት ስናስብ፥ ዝቅ ያሉት ሁሉ ጠባያቸው ስለ ከፋ ነው ማለት ፍርድ ማጣመም ነው። የቆዳ ቀለም ጠባይ አይደለም። ድህነትም ጠባይ አይደለም። መብራት ያልገባበት የገጠር ቀበሌ የሚኖር ተማሪ ስልኩን ለመሙላት ሩቅ መንገድ ሲሄድ ውሎ አሳይመንቱን ሳይልክ ቢቀር፥ መዝገቡ ላይ የሚታየው «አላቀረበም» የሚል ቃል ብቻ ነው። የኢንተርኔት ካርድ መግዣ ያጣውና ተኝቶ የዋለው በመምህሩ መዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። እኛ የምንፈራው ይህን ነው። ችግር ጠባይ ተብሎ ሲጠራ ችግሩን የሚያቃልል አይገኝም፤ ልጁም ራሱ «እኔ ሰነፍ ነኝ» ብሎ አምኖ ይቀመጣል።

ስለ እኅቶቻችንም ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ሳለች ተማሪ ናት፤ ቤት ተቀምጣ በስልክ ስትማር ግን ሥራ የፈታች ትመስላለች። መምህሩ በስልኩ ውስጥ እየተናገረ ሳለ «ቡና አፍዪ»፥ «እንግዳ መጣ»፥ «ሕፃኑን ያዢ» ትባላለች። ወንድሟ ያንኑ ስልክ ይዞ ቢቀመጥ «ተዉት፥ ይማርበት» የሚባልበት ቤት ጥቂት አይደለም። ማታ ሁሉም ሲተኛ እርስዋ ትምህርቱን ትከፍታለች፤ ያን ጊዜም ዓይኗ አይከፈትም። ውጤቷ ዝቅ ሲልም «ብቻዋን መማር አትችልም» ይባላል። የተከበራችሁ ወላጆቻችን፥ ይህን የምንናገረው ለመውቀስ ሳይሆን፥ የማይታይ ክፍል እንደሚታየው ክፍል መከበር የሚገባው መሆኑን ለማስረዳት ነው። ልጃችሁ ትምህርት ቤት ብትሆን ኖሮ ለቡና ማፍላት ሰው አትልኩባትም ነበር።

«ጠባይ ከእናት ማሕፀን ይዘውት የሚወጡት ነው፥ አይለወጥም» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ብዙ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት የተከታተሉ 92 ጥናቶች ተሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2006 በቀረበው ምርመራ፥ የሰው ትጋት ከወጣትነት ወደ ጉልምስና ሲሻገር እየጨመረ እንደሚሄድ ታውቋል። እንግዲህ ዛሬ ትጋት ያነሰው ልጅ ተስፋው አልተቆረጠም። ደግሞም ጠባይን መለወጥ ጊዜ የሚወስድ ቢሆንም፥ ጠባይን የሚደግፍ ምርኩዝ መቁረጥ ግን በአንድ ቀን ይቻላል። ከዚህ በታች የምንናገረው ስለ ምርኩዙ ነው።

1ኛ፥ ትልቁን ሥራ በትናንሽ ቀኖች መከፋፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት፥ በኤም አይ ቲ ተማሪዎች የሆኑ 60 ሰዎች ሦስት ጽሑፎችን እንዲያርሙ ተሰጣቸው። ለአንዳንዶቹ በየሳምንቱ አንድ አንድ እንዲያስረክቡ ቀን ተቆረጠ፤ ለሌሎቹ ሦስቱንም በመጨረሻው ቀን እንዲያመጡ ተነገራቸው፤ የቀሩት ቀኑን ራሳቸው እንዲቆርጡ ተደረገ። ብዙ ስሕተት ያገኙትና ያላዘገዩት በየሳምንቱ ያስረከቡት ሆኑ። ቀኑን ራሳቸው የቆረጡት መካከለኛ ሆኑ፤ ሁሉን ለመጨረሻው ቀን ያቆዩት ግን ከሁሉ አነሱ። ስለዚህ መምህሩ ቀን ባይቆርጥ እንኳ ተማሪው ራሱ መቁረጥ፥ የቆረጠውንም ለጓደኛው ወይም ለእናቱ መንገር ይገባዋል። ለሌላ ሰው የተነገረ ቀን በልብ ከተያዘ ቀን ይልቅ ይጠነክራል።

2ኛ፥ ራስን መጠየቅ ነው። የተቀረጸ ንግግር ደጋግሞ መስማት የማወቅ ስሜት ይሰጣል፤ ስሜቱ ግን ዕውቀት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በተደረገ ሙከራ አንዳንድ ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ ደግመው አነበቡ፤ ሌሎቹ ጽሑፉን ዘግተው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ዘግተው የጻፉት በለጡ። ስለዚህ ትምህርቱን ከሰማን በኋላ ስልኩን አስቀምጠን በባዶ ወረቀት ላይ የያዝነውን እንጻፍ። ይህ ካርድም መብራትም አይጠይቅም።

3ኛ፥ ብቻ አለመሆን ነው። ሦስት ወይም አራት ሆኖ በሳምንት አንድ ቀን መገናኘት፥ ወይም በቴሌግራም ተቀጣጥሮ መጠያየቅ ተጫዋቹን ልጅ ሰሚ ይሰጠዋል፤ ዓይን አፋሯንም ለትልቁ ጉባኤ ያለማምዳታል። አንዱ የጫነውን ትምህርት ለሌላው በማስተላለፍም የካርዱ ወጪ ይቀንሳል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ያለ ነገር አይደለም።

መምህራኖቻችንንም በትሕትና የምንለምናቸው አለ። ገና በእጃችሁ ሳለን ብቻችንን መሥራትን አለማምዱን። በሳምንት አንድ ትምህርት እንኳ ራሳችን አንብበን፥ ራሳችን ጥያቄ አውጥተን እንድንመጣ ብታደርጉን፥ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ነገሩ አዲስ አይሆንብንም። ዝም ያለውን ተማሪም «ገብቶታል» ብላችሁ አትለፉት።

በመጨረሻ ከላይ ወዳነሣነው ወደ ኤም አይ ቲው ትምህርት እንመለስ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል መቶ ከመቶ ያገኙት 340 ሰዎች ናቸው። ከእነርሱም አንዱ በሞንጎልያ ዋና ከተማ በኡላን ባቶር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚማር የ15 ዓመት ልጅ ነበር። የእኛ እኩያ ማለት ነው። ይህ ልጅ በኋላ በዚያው በኤም አይ ቲ ገብቶ ተምሯል። ስለ እርሱ ሲነገር ብዙዎች ብልህነቱን ብቻ ያነሣሉ። ነገር ግን የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ራሱ በኤም አይ ቲ የተማረ ሰው እንደ ነበረ፥ ትምህርቱንም ለተማሪዎቹ ያመጣላቸው እርሱ እንደ ሆነ፥ በመሣሪያ የሚሠራውን ክፍል የሚያሳያቸው ሰውም ከአሜሪካ እንዳስመጣላቸው መዘንጋት የለበትም። ልጁ ትጉ ነበር፤ ነገር ግን ትጋቱን የሚያይለት ሰው ነበረው። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ከኡላን ባቶር እስከ አሜሪካ ያለው መንገድ ያጠረው።

እኛም የምንለምነው ይህንኑ ነው። ትጋቱን እኛ እናምጣ፤ ወላጆቻችን ጸጥ ያለ ጥግና ያልተቋረጠ ሰዓት ስጡን፤ መምህራኖቻችንም ዓይናችሁን ከእኛ ላይ አታንሡ። ይህ ከሆነ ከእኛ በኋላ በዚህ ስፍራ የሚቆሙት ልጆች ከእኛ የተሻለ ነገር ይናገራሉ።

ትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ ይኑረው።